የጉበት ካንሰርን በደም መፈለግ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሆነን የትኛውን ምርመራ እናስቀድም?

ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። አባት ወይም እናት ደሴ ላይ አልትራሳውንድ ታይተው "ጉበት ላይ እብጠት ነገር አለ" ይባላሉ። ወሬው ጅዳ ወይም ዱባይ ያለው ልጅ ጋ ይደርሳል። ልጁ ስልኩ ላይ ያየውን ይልካል። "የካንሰር ሴልን ከደም ውስጥ ለቅሞ የሚያወጣ ምርመራ መጥቷል፤ ብሩን እኔ እልካለሁ፣ እናንተ ደሙን ብቻ አስቀዱ" ይላል። ቤተሰቡ ግራ ይገባዋል። ሐኪሙ ያዘዘው ሲቲ ስካን ይቅደም ወይስ ይሄኛው?

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ሲቲው ይቅደም። በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ የካንሰር ሴሎችን የሚፈልገው ምርመራ እውነተኛ ሳይንስ ነው፤ ብዙ ተስፋም ተጥሎበታል። ዛሬ ባለበት ደረጃ ግን "ጉበቴ ላይ ያለው ካንሰር ነው ወይ?" ለሚለው ጥያቄ የሚታመን መልስ አይሰጥም። ምክንያቱን ከሌሎቹ ምርመራዎች ጋር እያስተያየሁ ልንገራችሁ። የት ቦታ ላይ እንደሚጠቅምም እነግራችኋለሁ።

እዚህ የማወራው ከጉበቱ ከራሱ ሴል ስለሚነሳው፣ ሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ ስለሚባለው ካንሰር ነው። ከጉበት ከሚነሱት ካንሰሮች አብዛኛው ይሄ ነው። ከአንጀት ወይም ከጡት ተነስቶ ጉበት ላይ ያረፈ ካንሰር ሌላ ነገር ነው፤ ምርመራውም ሕክምናውም ይለያል።

ምን ለማወቅ ነው የምትመረመሩት?

ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ያለበት፣ ግን ምንም የማያመው ሰው የሚያስፈልገው ክትትል ነው። እብጠት የታየበት ሰው የሚያስፈልገው የእብጠቱን ምንነት ማረጋገጥ ነው። ካንሰር መሆኑ የታወቀለት ሰው "የት ደርሷል? በቀዶ ሕክምና ይወጣል?" ብሎ ይጠይቃል። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ደግሞ "ተመልሶ ይመጣብኝ ይሆን?" ይላል።

የተዘዋዋሪ ሴሎች ምርመራ ደህና መረጃ የተሰበሰበለት ለመጨረሻው ጥያቄ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ደካማ ነው። ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያባክነው ለአራተኛው ጥያቄ የተሠራውን መሣሪያ ለሁለተኛው ሲገዛ ነው።

ስለዚህ የትኛውንም ምርመራ ከመክፈላችሁ በፊት ሐኪማችሁን ሁለት ነገር ጠይቁት። ውጤቱ ፖዘቲቭ ቢመጣ ምን ያደርጉልናል? ኔጌቲቭ ቢመጣስ? ሁለቱም መልስ አንድ ዓይነት ከሆነ ያ ምርመራ ይቆያችሁ። ብሩ ለሌላ ይፈለጋል።

አልትራሳውንድና ኤኤፍፒ

አልትራሳውንድ ደሴም ኮምቦልቻም በቀላሉ ይገኛል። ጨረር የለውም፣ መርፌም የለውም፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ድክመቱ በሚያየው ሰው እጅና ዓይን ላይ መመካቱ ነው። ወፍራም ሰው ላይ ትንሽ እብጠት ሊያመልጥ ይችላል። ጉበቱ ጠባሳ በጠባሳ በሆነ፣ ማለትም ሲርሆሲስ ባለበት ሰው ላይም እንዲሁ። ጠዋት ሳትበሉ ብትሄዱ በአንጀት ውስጥ ያለው አየር ስለሚቀንስ የተሻለ ይታያል።

ኤኤፍፒ የደም ምርመራ ነው። አልፋ ፌቶፕሮቲን የሚባለውን ፕሮቲን ይለካል። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው በዋናነት የፅንስ ጉበት ነው፤ ጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ ጥቂት ብቻ ይገኛል። የጉበት ካንሰር ሲነሳ ግን ብዙ ጊዜ መልሶ መመረት ይጀምራል። በሚሊ ሊትር ከ20 ናኖግራም በላይ ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

ኤኤፍፒ ግን ብቻውን አይታመንም። ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ከፍ ይላል። ሄፓታይተሱ በተነሳበት ሰው ላይም ከፍ ይላል። አንዳንድ የወንድ ዘር ፍሬ ካንሰሮችም ከፍ ያደርጉታል። በተቃራኒው ካንሰር እያለባቸው ኤኤፍፒያቸው ልክ የሆኑ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። "ኤኤፍፒዬ ኖርማል ነው" ብሎ የታየውን እብጠት መተው አደገኛ ነው።

ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ይበረታሉ። ብዙ ጥናቶችን አጠቃሎ የመረመረ አንድ ትንተና እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ሲርሆሲስ ባለባቸው ሰዎች ላይ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ካሉት 100 ካንሰሮች አልትራሳውንድ ብቻውን ያገኘው 45 ያህሉን ነው። ኤኤፍፒ ሲጨመርበት ወደ 63 ከፍ ብሏል። አሁንም የሚያመልጠው ብዙ ነው። በየ6 ወሩ ድገሙ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ዛሬ ያመለጠው በሚቀጥለው ዙር፣ ገና ሳይገፋ ይያዛል ተብሎ ነው።

አንድ የላብራቶሪ ምክር ልጨምር። ኤኤፍፒን በተቻለ መጠን አንድ ቦታ ብቻ ተለኩ። አንዳንዱ ላብራቶሪ ውጤቱን በናኖግራም፣ አንዳንዱ በዓለም አቀፍ ዩኒት ይጽፋል፤ ማሽኖቹም ይለያያሉ። ሐኪሙ ከአንዱ ቁጥር ይልቅ የሚያየው ቁጥሩ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየወጣ መሆን አለመሆኑን ነው። የድሮውን ወረቀት አትጣሉ።

ባለ ሦስት ዙር ሲቲ ስካን

ገንዘባችሁ ለአንድ ትልቅ ምርመራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ እብጠት ለታየበት ሰው እኔ የምመርጠው ይሄን ነው።

ጤናማ ጉበት ከሚደርሰው ደም ሦስት አራተኛው ያህል የሚመጣው ከአንጀት በሚነሳው ፖርታል ቬን በሚባለው ደም ሥር በኩል ነው። የጉበት ካንሰር ግን ደሙን የሚስበው በዋናነት ከደም ቅዳው ነው። ኮንትራስት የሚባለው ፈሳሽ በክንድ በኩል ተሰጥቶ ፎቶው በተለያየ ሰዓት ሲነሳ ይህ ልዩነት ይወጣል። የመጀመሪያው ዙር ከ35 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ካንሰሩ ቀድሞ ያበራል። ሁለተኛው ከ70 ሰከንድ ገደማ በኋላ፣ ሦስተኛው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሳል። በእነዚህ ዙሮች የቀረው ጉበት ሲያበራ ካንሰሩ ይደበዝዛል።

ሲርሆሲስ ወይም ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ፣ 1 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ እብጠት ይህን ጠባይ በትክክል ካሳየ፣ ያለ ባዮፕሲ፣ ማለትም ከእብጠቱ በመርፌ ቁራጭ ሳይወሰድ፣ የጉበት ካንሰር ነው ሊባል ይችላል። ሌሎች ካንሰሮች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ዕድል የላቸውም። ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ግን ቸኩሎ ሲቲ ከመነሳት ይልቅ ከ3 ወር ገደማ በኋላ አልትራሳውንዱን መድገም ነው የሚመከረው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር አለ። "ሲቲ ተነስቻለሁ" ይላል፤ ወረቀቱ ሲታይ ያለ ኮንትራስት ነው፣ ወይም አንድ ዙር ብቻ ነው። ለጉበት እብጠት እንዲህ ያለ ሲቲ ብዙም አይጠቅምም፤ ድጋሚ መነሳትና ድጋሚ መክፈል ይመጣል። የማዘዣው ወረቀት ላይ "ባለ ሦስት ዙር የጉበት ሲቲ" የሚል መጻፉን አረጋግጡ። ስትመዘገቡም "ሦስቱንም ዙር ታነሳላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴ ሆስፒታል ምን ያህል እንደተዘረፈና እንደተጎዳ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከገጠር ሕመምተኛ ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት "ማሽኑ ዛሬ ይሠራል?" ብሎ ደውሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከኮንትራስቱ በፊት የኩላሊት ምርመራ፣ ክሬቲኒን የሚባለው፣ መታየት አለበት። ስኳር ያለበት ሰው የሚወስደውን መድኃኒት ቀድሞ ይንገር። ኤምአርአይ ትንንሽ እብጠቶችን በመለየት ከሲቲ ይሻላል፤ ዋጋውም የሚፈጀው ጊዜም ግን ይበልጣል። ሲቲው ካልለየው በኋላ የሚመጣ አማራጭ አድርጋችሁ ያዙት።

ባዮፕሲ

"ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል" የሚለው ስጋት ወሎ ውስጥ በየቤቱ አለ። ስጋቱ ሙሉ በሙሉ መሠረት የለሽ አይደለም። ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ የጉበት ካንሰር ባዮፕሲ ከተወሰደላቸው ሰዎች ወደ 2.7 በመቶ በሚሆኑት ላይ መርፌው በሄደበት መስመር ሴል ተዘርቶ ተገኝቷል። የመድማት አደጋም አለ። በሌላ በኩል ሲቲው ግልጽ መልስ ካልሰጠ ወይም ሕመምተኛው ሲርሆሲስም ሄፓታይተስ ቢም ከሌለበት ከባዮፕሲ የተሻለ ማረጋገጫ የለም። ሳያስፈልግ አይወሰድ፤ ሲያስፈልግም በፍርሃት አይቅር።

ተዘዋዋሪ የካንሰር ሴሎች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ።

ዕጢ ባለበት ቦታ ብቻ ተቀምጦ አይኖርም። ከእሱ የሚላቀቁ ሴሎች ወደ ደም ይገባሉ። ከጉበት ወጥተው በልብ በኩል ወደ ሳንባ፣ ከዚያ ወደ መላው አካል ይሄዳሉ። አብዛኞቹ በሰዓታት ውስጥ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ሌላ ቦታ ሊያርፉና ሊያድጉ ይችላሉ። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው ቶማስ አሽዎርዝ የሚባል በአውስትራሊያ የነበረ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 በካንሰር በሞተ ሰው ደም ውስጥ ከዕጢው ሴሎች ጋር የሚመሳሰሉ ሴሎች አየ። ሴሎቹን ቆጥሮ ለሕክምና የሚያውል መሣሪያ እስኪመጣ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

ያን ያህል የዘገየው በቁጥሩ ምክንያት ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ወደ 5 ቢሊዮን ቀይ የደም ሴሎችና ሚሊዮኖች ነጭ የደም ሴሎች አሉ። የካንሰር ሴሎቹ ግን ለምርመራው በሚቀዳው 7.5 ሚሊ ሊትር ውስጥ እንኳ ሁለት ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ያውም ከተገኙ። ይህ ከመቶ ኩንታል በላይ ነጭ ጤፍ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀይ ፍሬ እንደመልቀም ነው። ስለዚህ ምርመራዎቹ የሚለያዩት በአለቃቀም ዘዴያቸው ነው። ለጉበት ካንሰር ወሳኙም ይሄ ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ በማግኔት መልቀም ነው። ኤፕካም የሚባል ፕሮቲን በብዙ የካንሰር ሴሎች ቆዳ ላይ አለ። ኤፕካምን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በጥቃቅን የብረት ቅንጣቶች ላይ ተለጥፎ ደሙ ውስጥ ይጨመራል፤ ከዚያ ማግኔት ይስባቸዋል። በዓለም ላይ በጣም የታወቀው ሴልሰርች የሚባለው መሣሪያ የሚሠራው እንዲህ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 ለተሰራጨ የጡት ካንሰር ፈቀደው። በኋላ ለአንጀትና ለፕሮስቴት ካንሰር ተጨመረ። ጉበት ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ጉበት የሌለበት ምክንያት አለ። ኤፕካም በብዛት የሚገኘው እንደ ጡትና አንጀት ካሉ አካላት በሚነሱ ካንሰሮች ላይ ነው። የአዋቂ ሰው ጤናማ የጉበት ሴል ኤፕካም የለውም። የጉበት ካንሰሮችም አብዛኞቹ የላቸውም፤ ያላቸው ከሦስት አንዱ ያህል ወይም ከዚያ ያነሱ ናቸው። በዚያ ላይ የካንሰር ሴል ከዕጢው ሲላቀቅ ጠባዩን ቀይሮ የነበረውንም ኤፕካም ሊጥል ይችላል። ማግኔቱ የሚይዘው የለውም፤ ሴሉ ያልፋል። ውጤቱ ዜሮ ይባላል፤ ካንሰሩ ግን አለ።

ሁለተኛው ዘዴ በመጠን ማጥለል ነው። ደሙ 8 ማይክሮሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ያልፋል። የካንሰር ሴል ብዙ ጊዜ ከደም ሴሎች ስለሚተልቅና እንደ ልብ ስለማይተጣጠፍ ከላይ ይቀራል። የዚህ ጥቅሙ ኤፕካም ቢኖረውም ባይኖረውም መያዙ ነው። ስለዚህ ለጉበት ካንሰር ከመጀመሪያው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ግን ትንንሽ የካንሰር ሴሎች ያመልጡታል። ትልልቅ ነጭ የደም ሴሎችም ከላይ ይቀራሉ፤ እነዚያን ከካንሰር ለመለየት በዚሁ ሥራ የሠለጠነ የፓቶሎጂ ባለሙያ ዓይን ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የጉበት ሴልን በራሱ ምልክት መፈለግ ነው። አሲያሎግላይኮፕሮቲን ሪሴፕተርና ግሊፒካን 3 የሚባሉ ምልክቶች ለዚህ ይውላሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ለጉበት ተብሎ የተሠራ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ የምርምር ቡድን የራሱን ቅመማ ይጠቀማል። የአንዱ ቦታ "ሦስት ሴል" ከሌላው ቦታ "ሦስት ሴል" ጋር እኩል ነው ማለት አይቻልም።

ቁጥሮች እንይ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከሃምቡርግ፣ ጀርመን የወጣ ጥናት ሴልሰርችን በ59 የጉበት ካንሰር ታማሚዎች ላይ ሞከረ። ቢያንስ አንድ ሴል የተገኘው በ18ቱ ላይ ብቻ ነው። 41ዱ ካንሰር እያለባቸው ዜሮ ተባሉ። ካንሰር ከሌለባቸው 19 ሰዎች ደግሞ በአንዱ ላይ ሴል ተገኘ። በዚያው ዓመት ከሻንጋይ፣ ቻይና የወጣ ጥናት ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው የነበሩ 123 ሰዎችን መረመረ። በሁለት ሦስተኛው ላይ ሴል ተገኘ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በ7.5 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ሴል የተገኘባቸው ሰዎች ካንሰሩ ቶሎ የተመለሰባቸው ሆኑ።

እነዚህ ሁለት ጥናቶች የምርመራውን ጥንካሬና ድክመት በግልጽ ያሳያሉ። ካንሰር አለ ወይስ የለም ለማለት ዜሮ ማለት ምንም አይደለም። ካንሰር መኖሩ ለታወቀ ሰው ግን ሴል መገኘቱ በሽታው ጠንካራ እንደሆነ ይጠቁማል። የሃምቡርጉም ጥናት ሴል የተገኘባቸው ሰዎች የመኖር ዕድሜያቸው እንዳጠረ አሳይቷል።

ያ መረጃ ቀላል አይደለም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የጉበት ካንሰር በ5 ዓመት ውስጥ እስከ 70 በመቶ በሚሆኑ ሰዎች ላይ ይመለሳል። ማን ላይ እንደሚመለስ ቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። የሚያሳዝነው ግን "ይመለስበታል" ተብሎ ለተጠረጠረ ሰው በዓለም ላይ ስምምነት የተደረሰበት የመከላከያ መድኃኒት ገና የለም። ሐኪሙ ሊያደርግ የሚችለው ክትትሉን ማጥበቅ ነው። ክትትሉን ደግሞ ያለ ሴል ቆጠራም ማጥበቅ ይቻላል።

ሌሎቹ የደም ምርመራዎች

የሚሞት የካንሰር ሴል ዲኤንኤውን ደም ውስጥ ይጥላል። ይህን ቁርጥራጭ ዲኤንኤ የሚፈልጉ ምርመራዎች ከሴል ቆጠራው በፍጥነት እየቀደሙ ነው። በተለይ በዲኤንኤው ላይ የሚለጠፉ ኬሚካላዊ ምልክቶችን የሚያነቡት ለክትትል ጥሩ ውጤት እያሳዩ ነው። ከሴል ቆጠራውና ከዚህ ምረጥ ብትሉኝ ለወደፊቱ ተስፋ የማደርገው በዚህ ነው። ዛሬ ግን እሱም የሲቲን ቦታ አይተካም።

ፒቭካ 2 የሚባል ሌላ የፕሮቲን ምርመራ አለ። ኤኤፍፒ ካመለጠው ካንሰር ከፊሉን ይይዛል፤ ዋጋውም ከሴል ቆጠራ ጋር አይወዳደርም። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ላይ ግን ያለ ካንሰርም ከፍ ይላል። ይህን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ደሙ መንገዱን ይችለዋል ወይ?

ማስታወቂያዎቹ ላይ የማይጻፍ ነገር ነው። ከደሴ ለምንመርጥ ሰዎች ግን ከዋጋው እኩል ይመዝናል።

ኤኤፍፒ ፕሮቲን ነው። የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ሴረሙ፣ ተለይቶ ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ቀናት ይቆያል። ኮምቦልቻ ተቀድቶ አዲስ አበባ ቢላክ ችግር የለውም። የሴል ቆጠራ ግን ሴሉ ራሱ ሳይፈርስ መድረስ አለበት። በተለመደው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ከተቀዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ማሽኑ መግባት አለበት። ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመኪና ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። በዚህ ቱቦ የተላከ ደም ሲደርስ ቆጠራው የሚታመን አይሆንም።

ሴል የሚጠብቅ ኬሚካል ያለበት ልዩ ቱቦ አለ። ለሴልሰርች የሚውለው እስከ 96 ሰዓት ይጠብቃል። ነገር ግን ሙቀቱ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ፍሪጅ ውስጥም በረዶ ላይም አይቀመጥም። የእኛን መንገድ አስቡት። ሸዋ ሮቢት ላይ መኪናው ውስጥ ሙቀቱ ከ30 ያልፋል፤ በዚያው ቀን ጣርማበር ላይ ከ15 በታች ይወርዳል። ሙቀት የሚጠብቅ ሳጥን የሌለው፣ በሹፌር እጅ የተላከ ናሙና ይበላሻል። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ሰዓቱ ያጥራል፤ የሙቀቱ ጥያቄ ግን አይቀርም። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ 96 ሰዓቱ በጉምሩክና በትራንዚት ሊያልቅ ይችላል። የዲኤንኤው ምርመራ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ለእሱ የተሠራው ቱቦ በክፍል ሙቀት እስከ ሁለት ሳምንት ያቆየዋል።

አቀዳዱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መርፌው ቆዳን ሲበሳ የቆዳ ሴል ይዞ ሊገባና ቆጠራውን ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቱቦ ለሌላ ምርመራ ይሁን ወይም ይጣል፤ ለሴል ቆጠራው ቀጥሎ የሚቀዳው ነው የሚላከው። ይህን የማያውቅ ቦታ ለዚህ ምርመራ ባትቀዱ ይሻላል።

ለማን የትኛው?

ሄፓታይተስ ቢ እንዳለባችሁ ካወቃችሁ፣ ምንም ባያማችሁም ክትትል ጀምሩ። በአፍሪካ ሲርሆሲስ ሳይኖርም፣ ገና በወጣትነት የጉበት ካንሰር የሚይዛቸው ሰዎች አሉ። ለእናንተ ገንዘቡ የሚሄደው ለቫይረሱ መጠን ምርመራ፣ ለአልትራሳውንድና ለኤኤፍፒ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ያስፈልጋችኋል ካለ ቴኖፎቪር ካንሰሩ የመምጣት ዕድሉን ይቀንሳል። የትኛውም የሴል ቆጠራ ይህን አያደርግም። እህት ወንድሞቻችሁንና ልጆቻችሁንም አስመርምሩ። ክትባቱ በኢትዮጵያ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በሕፃንነቱ አላገኘውም ማለት ነው። ሻጋታ የነካው ማሽላ፣ በቆሎና ኦቾሎኒም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይዞ ከቫይረሱ ጋር ጉበትን ስለሚጎዳ፣ የሻገተውን ለቅሞ መጣል የሕክምናው አካል ነው።

እብጠት ለታየበት ሰው ባለ ሦስት ዙር ሲቲ ነው የሚያስፈልገው። የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ቅጠል እየተጠጣ ወር ሁለት ወር አይለፍ፤ አንዳንዱ ቅጠል የታመመን ጉበት ይብስ ይጎዳል። ዱዓውም ጸበሉም ይቀጥል፤ ሲቲው ግን አይዘግይ።

ካንሰሩ ተረጋግጦ ለቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ለተጻፈለት ሰው፣ የሴል ቆጠራ ትርጉም ሊኖረው የሚችለው እዚህ ነው። ያም በጥናት ውስጥ፣ ያለ ክፍያ ከተጠየቃችሁ ነው። በጥናት መሳተፍ መልካም ሥራ ነው፤ ነገ ለሌላው የሚጠቅም መረጃ ይወጣበታል። የፈቃድ ወረቀቱን አንብቡ፤ ካልገባችሁ አስነብቡ።

በሽታው ለገፋበትና ከቀዶ ሕክምና ላለፈ ሰው ደግሞ የሴል ቆጠራ አትግዙለት። የሚያስፈልገው ሕመሙን የሚያስታግስ፣ ሆዱ ላይ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚቀንስ፣ እንቅልፍ የሚሰጠው ሕክምና ነው። ያንን ብር ለዚያ አውሉት።

ልጁ ከጅዳ "ልክፈል" ካለ

ቅን ልብ ነው፤ እንቢ አትበሉት። ይልቅ ምርመራውን የሚሠራውን ድርጅት እነዚህን እንዲጠይቅ አድርጉ። ሴሉን በምንድን ነው የምትይዙት? በኤፕካም ብቻ ከሆነ ለጉበት አይሆንም። በጉበት ካንሰር ታማሚዎች ላይ ተፈትኗል ወይስ በጡት ካንሰር ብቻ? ቱቦው ስንት ሰዓት ይቆያል? ከደሴ እስከ ማሽኑ ስንት ሰዓት ነው? ናሙናው ቢበላሽ ብሩ ይመለሳል? ዜሮ ቢመጣ ወረቀቱ ላይ ምን ብላችሁ ነው የምትጽፉት? "ካንሰር የለም" ብለን እንጽፋለን የሚል ድርጅት ካጋጠማችሁ ራቁት።

ከዚያ ልጁን በተመሳሳይ ብር ምን ሊደረግ እንደሚችል ንገሩት። ሲቲው፣ የቫይረሱ መጠን፣ የአዲስ አበባው ጉዞና ማረፊያ፣ የአስታማሚው ወጪ አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ሪፈሩን ሳታጽፉ አትሂዱ፤ ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ መድኑ ወጪውን ላይሸፍን ይችላል። የሲቲውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ሲዲም ተቀበሉ። ሲዲውን፣ የድሮ ኤኤፍፒ ውጤቶችን፣ የሄፓታይተስ ምርመራውንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር በአንድ ፋይል አድርጋችሁ ያዙ። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ሥዕሉን ራሱ ማየት ይፈልጋል፤ ሲዲው ከሌለ ሌላ ሲቲ ሊያዝ ይችላል።